የሐጃጆቹን አውሮፕላን ያቆየሁበት ቀን

ቡታጅራ ውስጥ ሥራዬን በትክክል የሚያውቅ ሰው አልነበረም። አባቴ ለጠየቀው ሁሉ፣ «ልጄ የአውሮፕላን ቴሌቪዥን ትሠራለች» ይል ነበር። ሰሚው ተሳፋሪ ፊልም የሚያይበትን ይመስለዋል። እኔም አላርምም። ማስረዳቱ ረጅም ነው፤ ቡታጅራ የምሄደው ደግሞ ለአረፋ ወይም ለሠርግ ስለሆነ፣ በእንዲህ ያለ ቀን ረጅም ነገር የሚሰማ የለም።

ሥራዬ ይህ ነበር። ፓይለቶቹ ከሚቀመጡበት ፊት ለፊት የተደረደሩ ስክሪኖች አሉ። አንዱ ከፍታውንና ፍጥነቱን፣ የአውሮፕላኑ አፍንጫ ወደ ላይ ይሁን ወደ ታች ያሳያል። ሌላው መንገዱን ያሳያል፣ ሌላው የሞተሩን ሁኔታ። ያኔ ሁሉም እንደ አሮጌ ቴሌቪዥን በውስጣቸው የብርጭቆ ቱቦ ያለባቸው፣ ከባድና ቶሎ የሚግሉ ነበሩ። አንዱ ሲበላሽ አውሮፕላኑ ዘንድ ያሉት ቴክኒሽያኖች ነቅለው በሌላ ይተኩታል፤ የተነቀለው ኤርፖርቱ ግቢ ውስጥ ወዳለው ወርክሾፓችን ይመጣል። እኛ ከፍተን፣ ችግሩን ፈልገን፣ የተበላሸውን ክፍል ቀይረንና ፈትሸን ወደ መጋዘን እንመልሰዋለን። አውሮፕላን ውስጥ የምገባበት ቀን ጥቂት ነበር።

ወደዚህ ሥራ የገባሁት በወልቂጤ በኩል ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ለዩኒቨርሲቲ የሚያበቃ ውጤት ሳላመጣ ስቀር፣ አባቴ ወልቂጤ ሱቅ ያላት አክስቴ ጋ ላከኝ። ሱቅ ልጠብቅላት ነበር የሄድኩት። ከሱቋ ጎን አንድ የጎንደር ሰው ሬዲዮና ቴሌቪዥን ይጠግን ነበር። ወታደር ቤት የመገናኛ ባለሙያ ነበር፤ መንግሥት ሲለወጥና ሠራዊቱ ሲበተን፣ ሚስቱ የወልቂጤ ልጅ ስለነበረች እዚያው ቀረ። ገበያ በማይኖርበት ቀን እሱ ጋ ሄጄ እቀመጥ ጀመር። መጀመሪያ ባትሪ አብሪልኝ አለ፣ ቀጥሎ ሽቦ እንድልጥ ሰጠኝ፣ በመጨረሻ ሙሉ ሬዲዮ ፊቴ አስቀምጦ ሻይ ሊጠጣ ሄደ።

አንድ ጠባይ ነበረው። የጠገነውን ቴሌቪዥን ከሰዓት በኋላውን በሙሉ ሳያሠራ ለባለቤቱ አይሰጥም። ባለቤቱ ቆሞ ይነጫነጫል፣ ቴሌቪዥኑ ባንኮኒው ላይ ይጮኻል፣ የሰፈሩ ሰው ተሰብስቦ ኳስ ያያል። «ሲግል ካላየሁት አላመንኩትም» ይላል። ባለቤቱም በመጨረሻ ተሸንፎ ከሌሎቹ ጋር ኳሱን ያያል።

አየር መንገድ ሠልጣኝ እንደሚፈልግ የሰማሁት በዚያው ዓመት ነው። ተፈተንኩ፣ አለፍኩ። አባቴ ግን ዝም አለ። አባቴ በርበሬ ነጋዴ ነው፤ በዝምታ የሚገዛና በዝምታ የሚሸጥ ሰው ስለሆነ ዝምታው እሺ ይሁን እምቢ ለመለየት ያስቸግራል። ነገሩን የቋጩት እንሴኖ የሚኖሩ አንድ ወዳጁ ነበሩ። ከልጅነቴ ጀምሮ በርበሬያቸውን እየጫኑ የሚመጡ፣ ከአባቴ በዕድሜ የሚበልጡ ገበሬ ናቸው። እኔ ጓዳ ሆኜ ስሰማ፣ «ስማ፣ ይቺ ልጅ ሱቅ ስትጠብቅ ሬዲዮ መሥራት ከተማረች፣ ሬዲዮ ስትማር ምን እንደምትሠራ አላህ ያውቃል። ትሂድ!» አሉት። አባቴ ሳቀ። እኔም ሄድኩ።

አባቴና እኚህ ሰው አብረው ሐጅ ለመሄድ ለብዙ ዓመት ሲነጋገሩ ኖረዋል። አንድ ዓመት የበርበሬው ዋጋ ይወድቃል፣ አንድ ዓመት ልጅ ይዳራል። እኔ ወርክሾፑ ውስጥ ሥራውን በደንብ ከለመድኩ በኋላ ነው በመጨረሻ የተሳካላቸው። ቡታጅራ ላይ ዱዓ ተደርጎላቸው፣ ዘመድ ጎረቤቱ እስከ መናኸሪያ ሸኝቷቸው፣ ያን አቧራማ መንገድ በአውቶቡስ መጡ። እኔ ቤት አደሩና ጠዋት አብረን ወደ ኤርፖርት ሄድን።

ሁለቱም ኢህራም ለብሰዋል፤ ሐጅ የሚሄድ ወንድ የሚለብሰውን ሁለት ያልተሰፋ ነጭ ጨርቅ። አባቴ ክረምት ከበጋ ኮት የማይለየው ሰው ነው። ትከሻውን ከዚያ በፊት አይቼ የማውቅ አይመስለኝም፤ ቀጭን ነበር። ወዳጁ የስኳር በሽታ ስላለባቸው ሚስታቸው ምግብ በፌስታል ቋጥረውላቸዋል። ሻንጣቸው ሲመዘን፣ «መድኃኒቱስ?» አልኳቸው። «ሻንጣው ውስጥ ነው፣ እዚያ ስደርስ እወስደዋለሁ። ጠዋት ወስጃለሁ» አሉ። በረራው አጭር ነው። እኔም ምንም አልመሰለኝም። ተሰናበትኳቸውና የሥራ ልብሴን ለመልበስ ወደ ወርክሾፑ አቋረጥኩ።

ጠረጴዛዬ ላይ የነበረው ስክሪን ከትናንት የቀጠለ ሥራ ነው። ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለውን ክፍል ቀይሬለት የመጨረሻው ፍተሻ ቀርቶት ነበር። ፍተሻው ስክሪኑን በረራ ላይ ያለ አስመስሎ ለሰዓታት ማሠራት ነው። ከላይ ሰማዩ ሰማያዊ፣ ከታች መሬቱ ቡናማ፣ በመካከል አንድ ነጭ መስመር ይታያል። መፈተሻ ማሽኑ አውሮፕላኑን ወደ ግራ ሲያጋድለው መስመሩ ይዘማል፣ ሲያቃናው ይቃናል። የእኔ ድርሻ ቁጥሮቹን መከታተልና ማየት ነው።

ስልክ ተደወለ። ኃላፊያችን አነሳው፣ ሰማ፣ ወደ እኔ ዞረ።

«ያ ስክሪን ምን ያህል ቀርቶታል?»

«ገና ግማሽ ላይ ነው። ምነው?»

«አንድ አውሮፕላን ሊነሳ ሲንቀሳቀስ ካፒቴኑ ፊት ያለው ጠፍቶበት ተመልሷል። መጋዘን ውስጥ መለዋወጫ የለም። የቀረው ይኸው ያንቺ ነው።»

«የትኛው አውሮፕላን?»

«ሐጃጆቹን የያዘው» አለና ትንሽ ቆይቶ፣ «አባትሽ አለበት አይደል?» አለኝ።

«አለበት።»

ከዚያ በኋላ ስልኩ ዝም አላለም። በየጊዜው «መቼ ነው?» ይላሉ፣ ኃላፊያችንም «ፍተሻው ሲያልቅ» ይላል። አስቸጋሪ ሰው አልነበረም። ሰዓቱን አሳጥሪው አላለኝም፤ እኔም አላሰብኩትም። ወንበሬን አስጠግቼ መስመሩን አያለሁ። ይዘማል፣ ይቃናል፣ ይዘማል።

ወደ መጨረሻው ላይ መስመሩ ተንቀጠቀጠ። ዐይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ያህል ነው፤ ከዚያ ቀጥ አለ። ኃላፊያችን ጀርባውን ሰጥቶ ስልክ ያናግራል። ሌላው ባልደረባችን ምሳ ወጥቷል። ማሽኑን አየሁ፤ ቁጥሮቹ ሁሉ ልክ ናቸው፣ ምንም ስህተት አልያዘም። ስክሪኑን በካቻቢቴ እጀታ ቀስ አድርጌ ነካ ነካ አደረግኩት። ኬብሉን አነቃነቅኩት። ሞቃት አየር ነፋሁበት። አልተንቀጠቀጠም። የቀረውን ሰዓት ዐይኔን ሳልነቅል ጨረስኩ፤ አንድም ጊዜ አልደገመውም።

ኃላፊያችን እስክሪብቶ ይዞ መጣ።

«አለቀ?»

«ፍተሻው አልቋል። ግን አንዴ ሲንቀጠቀጥ አይቼዋለሁ።»

«መቼ?»

«ስልክ ላይ እያለህ።»

«ማሽኑ ይዞታል?»

«አልያዘውም።»

«የመብራቱ መዋዠቅ ሊሆን ይችላል።»

«ሊሆን ይችላል።»

«ዐይንሽም ደክሞ ሊሆን ይችላል። ስንት ሰዓት ሙሉ አፍጥጠሽበታል።»

«እሱም ሊሆን ይችላል።»

ስክሪኑን አየው። መስመሩ በሥርዓት ይዘማል፣ ይቃናል። መጀመሪያ መፈረም ያለበት የፈተሸው ሰው ነው፤ ያለዚያ እሱ ሊፈርም አይችልም።

«ትፈርሚያለሽ?»

«አልፈርምም።»

አልተቆጣም፣ አልተከራከረኝም። ስልኩን አንስቶ፣ «ስክሪኑ አይወጣም» አላቸው። ከወዲያ በኩል ሲጮኹ ይሰማኛል። እሱ ሰማቸው፣ «አይወጣም» ብሎ ደገመ። የማን ውሳኔ እንደሆነ አልተናገረም።

በኋላ ይህን የሰሙ አንዳንድ ባልደረቦቼ ደፋር አደረጉኝ። ድፍረት አልነበረም። አይቻለሁ፤ ያየሁትን አላየሁም ብዬ መፈረም አልቻልኩም፣ ይኸው ነው። አባቴ ባይኖርበትም እንዲሁ የማደርግ ይመስለኛል። ስለመኖሩ ደግሞ ያን ጊዜ ብዙ አላሰብኩም። እርቦኝ እንደነበር አስታውሳለሁ።

ማታ ከሚገባ ሌላ አውሮፕላን ላይ ስክሪን ተነቅሎ እንዲገጠምበት ተወሰነ። ሐጃጆቹ ከአውሮፕላኑ ወርደው ወደ ተርሚናሉ ተመለሱ፤ ሻንጣቸው ግን እንደተጫነ ቀረ። እኔ ሥራዬን ጨርሼ ስሄድ አዳራሹ ነጭ በነጭ ሆኗል። ገሚሱ ወንበር ላይ ነው፣ ገሚሱ መሬት ላይ ተኝቷል፣ አንዳንዱ ይሰግዳል። አባቴን ፈልጌ ሳገኘው ብቻውን ግድግዳ ተደግፎ ቁጭ ብሏል።

«ጋሼስ?»

«ወሰዱት» አለ።

ወዳጁ ከሰዓት በኋላ ላብ ላብ ብሏቸው፣ ንግግራቸው ተወላግዶ፣ ወድቀው ነበር። የተቋጠረላቸውን ምግብ በረራው እንደሚቆይ ሳያውቁ ጠዋት ለጎረቤቶቻቸው አካፍለው ጨርሰዋል። መድኃኒቱን ጠዋት ወስደው ሳይበሉ በመቆየታቸው ስኳራቸው ወርዷል፤ የቀረው መድኃኒታቸውም አውሮፕላኑ ሆድ ውስጥ ነው። አምቡላንስ መጥቶ ሆስፒታል ወስዷቸዋል። አባቴ አብሬ ልሂድ ብሎ ነበር፤ እሳቸው ግን ትንሽ ነቃ ሲሉ፣ «ሁለታችንም ልንቀር ነው? ቁጭ በል!» ብለውታል።

አጠገባችን ያለ አንድ ጎልማሳ ለብቻው ይመስል ጮክ ብሎ፣ «ቆይ ግን ማነው እንዲህ የሚያደርገን? አንድ ቴሌቪዥን ጠፋ ብለው ቀኑን ሙሉ!» አለ። ሌሎችም አጉረመረሙ።

አባቴ ቀና ብሎ አየኝ። «የምትሠሪው እሱን አይደል?»

«እሱን ነው።»

«አንቺ ጋ መጣ?»

«የሚተካው እኔ ጋ ነበር። ሠርቼው ነበር። ግን ያላማረኝ ነገር አየሁበትና አይወጣም አልኩ።»

«አንቺ ነሽ አይወጣም ያልሽው?»

«እኔ ነኝ።»

ኢህራሙን ትከሻው ላይ አስተካከለ። ተቆጥቶ እንደሆነ አላወቅኩም፤ ልጁ ሆኜ ኖሬም አላውቅም። በመጨረሻ፣ «ይህን ለእሱ ማን ይነግረዋል?» አለ።

«እኔ እነግራቸዋለሁ።»

«አሁን አይደለም። ይዳን መጀመሪያ» አለና እጁን ዘረጋልኝ። ሳምኩት። በረራው ማታ ተነሳ።

ከኤርፖርት ወደ ሆስፒታል ሄድኩ። ወዳጁ ግሉኮስ ተሰክቶላቸው ተኝተዋል። ሐኪሙ ለተወሰነ ጊዜ መንገድ መሄድ እንደሌለባቸው ነገረኝ። ኢህራማቸውን ነርሷ አጣጥፋ ራስጌያቸው አስቀምጣዋለች። ልጃቸው ከእንሴኖ እስኪመጣ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። «አባትሽ ሄደ?» አሉኝ። «ሄዷል» አልኳቸው። «አልሐምዱሊላህ» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ስክሪኑን በሚቀጥሉት ሳምንታት አንድ በአንድ ፈታሁት። ቦርዶቹን በአጉሊ መነጽር አየሁ፣ የተበየዱትን ነጥቦች ሁሉ መረመርኩ፣ አቀዘቀዝኩት፣ አጋልኩት፣ ሌት ተቀን አሠራሁት። ኃላፊያችንም ከጎኔ ቁጭ ብሎ ያየባቸው ቀኖች ነበሩ። ምንም አላገኘንም። በመጨረሻ ውጭ አገር ወደ ሠራው ፋብሪካ ተላከ። ከቆየ በኋላ፣ «ተፈትሿል፣ ብልሽት አልተገኘበትም» ተብሎ ተመለሰ። ኃላፊያችን ወረቀቱን አሳየኝና አጠፈው። ስክሪኑ አውሮፕላን ላይ ተገጠመ። እኔ እዚያ እስከነበርኩ ድረስ በዚህ ምክንያት ተመልሶ አልመጣም። ያየሁትን አይቻለሁ፤ ምን እንዳየሁ ግን ዛሬም አላውቅም።

አባቴ ሐጂ ተብሎ ተመለሰ። ቡታጅራ ቤታችን ሰው ጢም ብሎ ሰነበተ። ስለ መዘግየቱ ሲጠይቁት፣ «ትንሽ ቆየን» ብቻ ይላል። ሰው ሲቀንስ፣ ለወዳጁ ያመጣውን የዘምዘም ውኃ በጀሪካን ይዞ፣ «ነይ፣ እንሴኖ እንሂድ» አለኝ። ለምን እንደፈለገኝ ገባኝ።

ጓሯቸው ውስጥ፣ በርበሬ የተሰጣበት ሰሌን አጠገብ ተቀምጠው አገኘናቸው። ከስተዋል። አባቴን አቅፈው ረጅም ጊዜ ቆዩ። ውኃውን ሦስቴ ተጎንጭተው ዱዓ አደረጉ። አባቴ ከብቶቹን ልይ ብሎ ተነስቶ ሄደ፤ ከብት ማየት የሚወድ ሰው ግን አይደለም።

«ጋሼ፣ ያን ቀን አውሮፕላኑን ያስቆየሁት እኔ ነኝ» አልኳቸው።

ሁሉንም ነገርኳቸው። በርበሬውን በእጃቸው እያገላበጡ ሰሙኝ።

«ብታሳልፊው ኖሮ ይወድቅ ነበር?» አሉኝ።

ለዚህ ጥያቄ ብዙ ሰው «አዎ» የሚል መልስ ይጠብቃል። «አይወድቅም ነበር» አልኳቸው። «አንዱ ቢጠፋ ሌላ አለ። ፓይለቶቹም ይችሉታል። ደግሞ ፋብሪካው ምንም የለበትም ብሎ መልሶታል።»

«ምንም የለበትም አለ?»

«ምንም የለበትም አለ።»

«ታዲያ እኔ በምን ቀረሁ?»

እኔም ከሰሌኑ አንድ በርበሬ አንስቼ ማገላበጥ ጀመርኩ። ሚስታቸው ወተት ይዘው መጡ፤ አስቀምጠውልን ተመለሱ።

ቆይተው፣ «አባትሽ አንድ ዓመት በርበሬዬን መልሶብኛል» አሉ። «እጁን ጆንያው ውስጥ ከቶ እርጥብ አለበት አለኝ። እኔ ደግሞ ደረቅ ነው አልኩ። ሰው እየሰማ! ተኳርፈን ከረምን።»

«እርጥብ ነበር?»

«ወላሂ እኔ እንጃ። ለሌላ ሸጥኩት።» ትንሽ ሳቁ፤ ሳቁ ወዲያው ሳል ሆነ። «ወተቱን ጠጪ» አሉኝ።

ይቅር ማለታቸው ይሁን አይሁን አልጠየቅኩም። ስንወጣ ግን እስከ አጥሩ ድረስ ሸኙን፤ «ከርሞ ኢንሻአላህ» አሉት አባቴን። አባቴም «ኢንሻአላህ» አለ።

ክረምቱን አልዘለቁትም። ስኳሩ ወደ ኩላሊት ሄዶ፣ ቡታጅራ ሆስፒታል ተኝተው ወጡ፣ ደግመው ተኙ፣ ከዚያ ቤታቸው ሞቱ። እኔ ሥራ ላይ ስለነበርኩ ለቀብር አልደረስኩም፤ ለቅሶ ለመድረስ ነው የሄድኩት። ሚስታቸው አጠገቤ ተቀምጠው እጄን ይዘው ነበር። ነገሩን ባላቸው ነግረዋቸው እንደሆነ አላወቅኩም፤ ከፊታቸው ላይም ማንበብ አልቻልኩም።

አባቴ ከዚያ በኋላ ጥቂት ዓመታት ቆጥቦ፣ የወዳጁን ሚስትና ልጆች አስፈቅዶ፣ በሟቹ ስም ሐጅ ሄደ። የራሱን ያደረሰ ሰው በሞተ ወገኑ ስም ሊሄድ ይችላል። ለእኔ ምክንያቱን አልነገረኝም፣ ድርሻሽ ነው ብሎም ምንም አልጠየቀኝም። የሄደበት አውሮፕላን በሰዓቱ ተነስቶ በሰዓቱ ደረሰ። ያኔ በአዳዲሶቹ አውሮፕላኖች ላይ የብርጭቆ ቱቦ የሌላቸው ቀጫጭን ስክሪኖች መምጣት ጀምረው ነበር፤ እኛም አዲስ ሥልጠና ገብተን ነበርና ያን ቀን ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ነበር።

ሲመለስ አብሬው እንሴኖ ሄድኩ። ሰው ተሰብስቦ ጠበቀን። የሟቹ ሚስት አባቴን እጅ ነስተው ተቀበሉትና ወደ ቤት እያስገቡን፣ ለጎረቤቶቻቸው፣ «የሐጂ ወዳጅ ነው» አሏቸው። መጀመሪያ ሐጂ ያሉት አባቴን መስሎኝ ነበር። ሐጂ ያሉት ግን ባላቸውን ነበር። ከዚያ ወዲህ በእንሴኖ የሟቹ ስም ሲነሳ ሐጂ ሳይባል ሲጠራ አልሰማሁም።